ስፓይናል ታፕን የምትወዱ፣ እስቲ ብቅ በሉ

አስራአንደኛው፦

ሰላም ቤተሰብ። ሁለተኛው ክፍል በመስከረም 2025 ሲኒማ ከገባ ወዲህ እዚህም እዚያም ስለ ስፓይናል ታፕ አንድ ሁለት ቃል ሲወረወር አያለሁ። ራሱን የቻለ ክር ግን የለም። ነውር ነው። ስለዚህ ከፈትኩት። (ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ላላያችሁ ባጭሩ። በ1984 ሮብ ራይነር የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልሙን አወጣ። ርዕሱ «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ»። ዘመኑ እያለፈበት ያለ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አሜሪካን እየዞረ ሲጫወት ካሜራ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል። ራይነር ራሱ ማርቲ ዲበርጊ የሚባል ፊልም ሠሪ ሆኖ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ረጋ ብሎ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል። የእውነት ዘጋቢ ፊልም ነው ብላችሁ ብትምሉ አይፈረድባችሁም። ባንዱ ግን የለም፤ ፈጠራ ነው። ሦስቱ ዋና ሰዎች አሜሪካዊ ኮሜዲያኖች ናቸው። ክሪስቶፈር ጌስት ጊታሪስቱ ናይጅል ታፍኔል ነው። ማይክል ማኪን ዘፋኙ ዴቪድ ሴንት ሃቢንስ። ሃሪ ሺረር ደግሞ ፒፓውን ነክሶ የሚቀመጠው ባለ ሪዙ ቤዚስት፣ ዴሪክ ስሞልስ። «ቤተር ኮል ሶል» የሚባለውን ተከታታይ ድራማ ያያችሁ፣ ያ ኤሌክትሪክ የሚፈራው ጠበቃ ቻክ ማለት ዴቪድ ነው። አዎ፣ ራሱ።

አሁን ጥያቄዬ። በሮክ ባንድ ላይ ሙድ የሚይዝ ፊልም አንዴ ይታያል፣ ይሳቅበታል፣ ያበቃል። ይሄኛው ለምን አላበቃም? ሰው ከ40 ዓመት በኋላም ቲሸርቱን ይለብሳል። ዘፈኖቹን በቃሉ ይዘፍናል። የሌለ ባንድ ኮንሰርት ሊያይ ትኬት ይገዛል።

የራሴን ላስቀድም። ፊልሙ ሰዎቹን አይንቃቸውም። ናይጅልና ዴቪድ በልጅነታቸው አብረው ዘፈን የጻፉ ጓደኛሞች ናቸው። የዴቪድ ፍቅረኛ ጂኒን ትመጣና ጉዞውን በኮከብ ቆጠራ ልምራ ትላለች። ናይጅል ይከፋዋል። ጥሎ ይሄዳል። በኋላ «ሴክስ ፋርም» የሚለው ዘፈናቸው ጃፓን ውስጥ መወደዱን ሊነግራቸው ተመልሶ ይመጣል። ዴቪድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቀዝቀዝ አድርጎ ነው የሚቀበለው። መድረክ ላይ ወጥቶ ግን ናይጅልን ጥግ ቆሞ ያየዋል፤ ና ይለዋል። እዚያ ጋ ሁሌ ሆዴ ይባባል። ስለ ኮሜዲ እያወራሁ መሆኔን አልረሳሁም።


ድምጽ_ሠሪው፦

በመጨረሻ! ክሩ የት ነበር እስከ ዛሬ?

ስምህን አይቼ ነው የገባሁት። ስለ 11 ሳይወራ ይሄ ክር አይቀጥልም። ናይጅል ለማርቲ አምፑን፣ የጊታሩን ድምጽ ማጉያ፣ ያሳየዋል። ማዞሪያዎቹ ሁሉ እስከ 11 ተጽፎባቸዋል። ማርቲ 10ን ራሱን ለምን የበለጠ ከፍ አድርጋችሁ አትሠሩትም ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ትክክል ነው። ናይጅል ዝም ይላል። ማስቲካውን ያላምጣል። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲበራና ሲጠፋ ታያለህ። ከዚያ «እነዚህ እስከ 11 ይሄዳሉ» ይላል። በቃ። ኮሜዲ የሚማር ሰው ያችን ዝምታ ብቻ ቢያጠና ይበቃዋል።

ቀልዱ ከፊልሙ ወጥቶ ዓለም ውስጥ ገብቷል። የቢቢሲ አይፕሌየር ድምጹ እስከ 11 ነው። የቴስላ መኪናም እንደዚያው። የፊልም ድረ ገጹ አይኤምዲቢ ሌላውን ፊልም ሁሉ ከ10 እየሰጠ ይሄን ከ11 ነበር የሚሰጠው። ማርሻል የተባለው የአምፕ ፋብሪካ ደግሞ በኋላ ማዞሪያው እስከ 20 የሚሄድ አምፕ አወጣ። ማስታወቂያውን ማን ሠራው? ናይጅል ታፍኔል።

እኔ በሥራዬ ድምጽ አስተካካይ ነኝ። «ትንሽ ጨምርልኝ» የማይል ዘፋኝ አላውቅም። አንዳንዴ ምንም የማይነካ ማዞሪያ ነካክቼ «ጨመርኩልህ» እላለሁ። «አሁን ሆነ!» ይለኛል። ናይጅልን የማፈቅረው ለዚህ ነው።


ቤዝ_ከሜሪላንድ፦

ልጆች፣ እኔ የፊልም ሰው አይደለሁም። ቤዝ ነው የምጫወተው። ዋሽንግተንና አካባቢው ባለ የሐበሻ አዳራሽ፣ ሬስቶራንትና ሰርግ ውስጥ ያልቆምኩበት መድረክ ጥቂት ነው። ይሄን ፊልም ያሳየኝ አብሮን ሳክስፎን ይነፋ የነበረ አሜሪካዊ ልጅ ነው። «በሳቅ ትሞታለህ» አለኝ። የመጀመሪያ ቀን ግን አፍሬ አንገቴን ነው የደፋሁት። ማን ነግሯቸው ነው እላለሁ።

ክሊቭላንድ ላይ ከመልበሻ ክፍል ይወጡና መድረኩን ፍለጋ ምድር ቤቱን ይዞሩታል። አንድ ሠራተኛ አቅጣጫ ይነግራቸዋል። ዞረው ዞረው ተመልሰው እሱው ጋ ይመጣሉ። ጊታር አንገታቸው ላይ፣ ልብሱ ሁሉ እንደተለበሰ፣ «ሮክ ኤንድ ሮል!» እያሉ። ከላይ ሕዝቡ ይጮኻል።

እኛ አንዴ በኩሽና በኩል ግቡ ተባልን። ምጣድ አጠገብ ቆመን ስማችን መድረክ ላይ ሲጠራ እንሰማለን። በሩ የለም። አንዷ አስተናጋጅ ክትፎ ይዛ ስታልፍ ተከትለናት ነው የወጣነው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለኛ ይሁን ለክትፎው አላውቅም።

ሌላው የአሻንጉሊቱ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ስቶክተን፣ የመዝናኛ ፓርክ። ሰሌዳው ላይ ከላይ የአሻንጉሊት ትርኢት ይላል። ከታች ስፓይናል ታፕ። የዴቪድ ፍቅረኛ ደግሞ ልታጽናናቸው የመልበሻ ክፍሉ ትልቅ ነው ትላለች። ናይጅል ስለሌለ የሚጫወቱት ዘፈን ያልቅባቸዋል። ያን ጊዜ ዴሪክ ወደ ፊት ወጥቶ የራሱን ጃዝ በቤዝ ይጀምራል። የቤዝ ሰው ሁሉ ሕልሙ ያቺ ቀን ናት። የሕዝቡ ሕልም ግን አይደለችም። ይሄን ከልምድ ነው የምናገረው።


ጨለማ_ሽፋን፦

ጋሽ ቤዝ፣ ክትፎዋ ገደለችኝ 😂 እርስዎ ቢጽፉት ሦስተኛው ክፍል ይወጣዋል።

የክሊቭላንዱ ትዕይንት ከየት እንደመጣ ራይነር ተናግሯል። ቶም ፔቲ ጀርመን ውስጥ መድረኩን ሲፈልግ አንድ በር ይከፍትና የቴኒስ ሜዳ ላይ ይወጣል። በቪዲዮ ተቀርጿል። ያንን አይተው ነው።


ዳዊት_አይደለሁም፦

እኔ የተለየ ነገር ልበል፣ እንዳትሰድቡኝ። ሁሉም ሰው ስላመሰገነው አየሁት። አልሳቅኩም። አንድ ሁለቴ ፈገግ ብያለሁ። ጥላሁንና ማህሙድ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቤታችን ውስጥ ረጅም ፀጉርና ጠባብ ሱሪ ያለው ሮከር የሚባል ነገር አልነበረም። የማላውቀው ነገር ላይ ሲቀለድ ምን ይሰማኛል? ደግሞ የአልበማቸው ሽፋን፣ ሴት እንደ ውሻ ታስራ የሚለው፣ ያስጠላል። እናንተ የምትወዱት ሌላ ሰው ስለወደደው አይደለም?


የካሴት_ዘመን፦

ወንድሜ ዳዊት አይደለሁም፣ ማን ይሰድብሃል። ግን ሽፋኑን በተመለከተ ፊልሙ ካንተ ጋር ነው። የሪከርድ ኩባንያዋ ሴት ቦቢ ፍሌክማን (ፍራን ድሬሸር ናት) ይሄ ለሴት ስድብ ነው ብላ ማኔጀሩን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። እነሱ ምኑ ላይ እንዳጠፉ ጨርሶ አይገባቸውም። ሳቁ እነሱ ላይ ነው። ደግሞ ምን ደረሰባቸው? ሽፋኑ ተከለከለ፣ አልበሙ ያለ ጽሑፍ ያለ ሥዕል ጥቁር ብቻ ሆኖ ወጣ። ናይጅል ግን አይከፋም። ከዚህ የባሰ ጥቁር የለም እያለ ያደንቀዋል። በ1991 ሜታሊካ የሚባለው የእውነት ባንድ ጥቁር አልበሙን ሲያወጣ የስፓይናል ታፕ ሰዎች «ከኛ ወሰዳችሁ» ብለው በቪዲዮ ፊት አፋጠውታል። ሜታሊካም አብሮ ሳቀ።

አለመሳቅህ ግን ይገባኛል። ይሄ ቀልድ ጠብቆ የሚታይ ፊልም አይደለም። ንግግሩ አልተጻፈም። የታሪኩ አካሄድ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚሉትን ግን እዚያው ካሜራው ፊት ነው የፈጠሩት። ብዙ አስር ሰዓት ቀርጸው ወደ 82 ደቂቃ ነው ያወረዱት። በጽሑፍ ደራሲነት የተመዘገቡት አራቱም ናቸው፣ ራይነርና ሦስቱ። ካሜራማኑ ፒተር ስሞክለር የእውነት የሮክ ዘጋቢ ፊልም ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። ራይነር ሲያወራ፣ ሰውየው «ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው? እነሱ እኮ እንዲሁ ናቸው» ይለው ነበር።

ሺረር ለጥናት ብሎ ሳክሰን ከሚባለው የእንግሊዝ ሜታል ባንድ ጋር አብሮ ዞሯል። ስለዚህ ዴሪክ ከሰማይ አልወረደም። እና ሲወጣ ብዙ ሰው እውነት መስሎት ነበር። ዳላስ ላይ ለሙከራ ሲያሳዩት ተመልካቾች ወደ ራይነር መጥተው ማንም ስለማያውቀው መጥፎ ባንድ ለምን ፊልም ትሠራለህ ብለውታል። የብላክ ሳባት ባንድ ዘፋኝ የነበረው ኦዚ ኦዝበርንም መጀመሪያ ሲያየው ዘጋቢ ፊልም መስሎት እንዳልሳቀ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ብቻህን አይደለህም፤ ከኦዚ ጋር ነህ።


ዳዊት_አይደለሁም፦

ከኦዚ ጋር መመደብ ክብር ነው 😄 እሺ፣ እቀጥላለሁ ማንበብ።


ቀይ_ፔዳል፦

ስቶንሄንጅ! ስቶንሄንጅ! እንዴት እስካሁን ማንም አላነሳም?

ላላያችሁ። የኮንሰርቱ ሽያጭ እየወረደ ነው። ናይጅል ሐሳብ ያመጣል፤ ስቶንሄንጅ (እንግሊዝ አገር ያለው የጥንት የድንጋይ ሐውልት) የሚለውን የድሮ ዘፈናቸውን በትልቅ የድንጋይ ሐውልት እንሥራው ይላል። ናፕኪን ላይ ሥዕሉን ይስላል። ልኩን ሲጽፍ ግን 18 ጫማ ማለት ፈልጎ 18 ኢንች አድርጎ ጻፈው። በኛ ልክ አምስት ሜትር ተኩል የሚሆነው ድንጋይ ግማሽ ሜትር እንኳን አልሞላም። የሠራችው ባለሙያ (አንጀሊካ ሂውስተን ናት!) በወረቀቱ መሠረት በትክክል ሠራች። ማኔጀሩ ኢያን ሲያየው ሞዴል መስሎት ትልቁ የት ነው ይላል። ትልቁ እሱ ነው።

ከዚያ መድረክ ላይ ጭስ፣ አስፈሪ ሙዚቃ፣ ናይጅል ስለ ጥንት ሰዎች በከባድ ድምጽ ያወራል። እና ሐውልቱ ከላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዴቪድ ሲያየው ፊቱ ላይ የሚሆነውን እዩ። ሊስቅ አይደለም። ሊያለቅስ ነው። ዙሪያውን የሚጨፍሩት ሁለት አጫጭር ሰዎች ይረግጡታል ብሎ ይሰጋል።

አሁን ዋናው። በ1983 ብላክ ሳባት ስቶንሄንጅን መድረክ ላይ ሊያቆም አሠራ። የነሱ ደግሞ በተቃራኒው ተበላሸ። ከተፈለገው እጅግ ገዝፎ መጣ፤ ብዙ መድረክ ላይ አልገባ አለ። ሰው ሁሉ ፊልሙ ሳባት ላይ ሙድ የያዘ ይመስለዋል። አይደለም! ራይነርና ጓደኞቹ ገንዘብ ለማግኘት አስቀድመው ሠርተው ባሳዩት 20 ደቂቃ ናሙና ውስጥ ስቶንሄንጁ ነበር። መጀመሪያ ቀልዱ፣ ቀጥሎ እውነቱ።


ድምጽ_ሠሪው፦

ማኔጀሩን ካነሳህ፣ ያቺ የክሪኬት ዱላው። ሁሌ ይይዛታል። ተናዶ ቴሌቪዥን ይሰብርባታል። ኢያንን የተጫወተው ቶኒ ሄንድራ በ2021 አርፏል። ነፍስ ይማር። እሱ ባይኖር ፊልሙ ግማሽ ነበር የሚሆነው። ቦስተን ላይ ኮንሰርት ሲሰረዝባቸው ብዙም አትጨነቁ፣ ትልቅ የኮሌጅ ከተማ አይደለችም ይላቸዋል። ቦስተን!! ይሄን ሰው እኔ በአካል አውቀዋለሁ። ስሙን ግን አልናገርም፣ እስካሁን ያለብኝን አልከፈለኝም። ይቅርታ፣ እኔ ያለብኝን ሳይሆን እሱ ያለበትን።


ቤዝ_ከሜሪላንድ፦

እኛም እናውቀዋለን ልጄ። ሁላችንም እናውቀዋለን።


ጨለማ_ሽፋን፦

ለዳዊት አይደለሁም አንድ መግቢያ ልስጥህ። ናይጅል ፒያኖ ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን ክላሲካል ሥራ የሚጫወትበትን ክፍል ብቻ እይ። ከሞዛርትና ከባህ መካከል ያለ ነገር ነው ይላል። ዲ ማይነር ከቅኝቶች ሁሉ የሚያሳዝነው ነው፣ ሰው ሲሰማው ወዲያው ያለቅሳል ይላል። ዜማው የእውነት ያምራል! ማርቲ ተመስጦ ርዕሱን ይጠይቀዋል። ናይጅል ርዕሱን ይነግረዋል። እዚህ አልጽፈውም፣ ልጆች ያነባሉ።

ናይጅል ግን ትዝታ ማይነርን ስላልሰማ ነው እንዲህ የሚለው። ቢሰማ ኖሮ ርዕሱንም ይቀይር ነበር።


የካሴት_ዘመን፦

😂😂 ትዝታን ቢሰማ እሱንም እስከ 11 ያደርገው ነበር።


ቀይ_ፔዳል፦

ከበሮ መቺዎቹስ? አንዱ በአትክልት ሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ሞተ። ፖሊስ ራሱ ነገሩ ሳይጣራ ቢቀር ይሻላል አለ። ሁለተኛው በትውከት ታንቆ፤ የማን ትውከት እንደሆነ አልታወቀም። ሌላው መድረክ ላይ እንደተቀመጠ በድንገት ነደደ፤ ወንበሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቻ ቀረ። የአሁኑ ሚክ ሽሪምፕተንም ፊልሙ ሳያልቅ ጃፓን ውስጥ ይፈነዳል።

ሚክን የተጫወተው አር ጄ ፓርኔል የእውነት ከበሮ መቺ ነበር፣ አቶሚክ ሩስተር የሚባል ባንድ ውስጥ የመታ። በ1992 ባንዱ ሲመለስ ግን ችግር ተፈጠረ። ሚክ ሞቷላ! ስለዚህ ፓርኔል የሚክ መንታ ወንድም ሪክ ሽሪምፕተን ሆኖ መጣ። ይሄን የሚያህል ታማኝነት የት አለ? ሌላ ሰው ቢሆን «ፊልም ነው እኮ» ብሎ ያልፈው ነበር።


አስራአንደኛው፦

ይሄ ነው እኔም ልል የፈለግኩት! ቀልዱን አይተዉትም። ሦስቱ እነዚያኑ ገጸ ባሕርያት ይዘው 40 ዓመት ዘለቁ። እና ሙዚቃውን ራሳቸው ይጫወቱታል። ማንም ከኋላ አልተጫወተላቸውም።

ባንዱ የተፈጠረው ከፊልሙ በፊት፣ በ1979 ለኤቢሲ በተሠራ የቴሌቪዥን ሙከራ ላይ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ነበር። ከዚያ ፊልሙ መጣ፤ ከፊልሙ ደግሞ የእውነት ባንድ። በሚያዝያ 1992 ዌምብሊ ላይ ለፍሬዲ ሜርኩሪ መታሰቢያ በተደረገው ኮንሰርት ስፓይናል ታፕ ወጥቶ ተጫውቷል። በዚያ መድረክ ላይ ማን ማን እንደነበረ አስቡት፦ ኩዊን፣ ቦዊ፣ ኤልተን ጆን፣ ሜታሊካ። እና የሌለ ባንድ። በዚያው ዓመት ሮያል አልበርት ሆል ተጫወቱ። ሲምፕሰንስ የሚባለው የካርቱን ተከታታይ ውስጥም ገቡ። ሺረር እዚያ የሚስተር በርንስና የኔድ ፍላንደርስ ድምጽ ስለሆነ ቤቱ ነው። በ2007 ላይቭ ኧርዝ በሚባለው ኮንሰርት ላይ ስለ ትልቅ መቀመጫ የሚዘፍኑትን ዘፈን በቤዝ ብቻ የሚጫወት ሠራዊት መድረክ ላይ አውጥተው ተጫወቱት። ጋሽ ቤዝ፣ ይሄን አይተውታል?


ቤዝ_ከሜሪላንድ፦

አየሁት እንጂ! ገነት ማለት ያ ነው። ጊታር የለ፣ ምን የለ፤ ቤዝ በቤዝ ላይ። የድምጽ ሰውየው ግን አሳዘነኝ።


ድምጽ_ሠሪው፦

ጋሼ፣ እኔም ለሱ ነው ያለቀስኩት።


ፎርት_ፖይንት፦

አዲስ ነኝ እዚህ። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም፣ ገንዘቡን። ይሄ ሁሉ ቲሸርት፣ ይሄ ሁሉ ካሴትና ዲቪዲ ሲሸጥ ፈጣሪዎቹ ምን አገኙ? በ2016 ሃሪ ሺረር የፊልሙን መብት የያዘውን የፈረንሳይ ኩባንያ ቪቨንዲን ከሰሰ። በክሱ ላይ የጻፈውን ስሙ። ከ1984 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ከዕቃ ሽያጭ ለአራቱ ፈጣሪዎች ድርሻ ተብሎ የተነገራቸው 81 ዶላር ነው። ከሙዚቃ ሽያጭ፣ ከ1989 እስከ 2006፣ 98 ዶላር። ሺህ አይደለም። ዶላር። ክሱ መጀመሪያ 125 ሚሊዮን ነበር፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሲገቡ 400 ሚሊዮን ሆነ። በኋላ በስምምነት አለቀ፣ መብቱም ወደ ፈጣሪዎቹ ተመለሰ። ሁለተኛው ክፍል ሊሠራ የቻለው ለዚያ ነው።


የካሴት_ዘመን፦

81 ዶላር ለአራት ሰው በ22 ዓመት። ይሄን ፊልሙ ውስጥ ቢያስገቡት በዛ ይባል ነበር።

ልብ በሉ፣ በ1984 ሲወጣ ሲኒማ ቤት ጉድ ያሰኘ ፊልም አልነበረም። ያደገው በቪዲዮ ካሴት ነው። የሙዚቀኞች አውቶቡስ ውስጥ ያለማቋረጥ ይታይ ነበር። ዩቱ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ዘ ኤጅ ሲያየው እንዳልሳቀ፣ እንዳለቀሰ ተናግሯል፤ ለእውነቱ በጣም ስለቀረበ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2002 ተጠብቀው ሊቆዩ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የአምፕ ማዞሪያና የአሻንጉሊት ትርኢት ከነ«ካዛብላንካ» ጋር በአንድ መዝገብ!


ጨለማ_ሽፋን፦

ወዳጆች፣ ይሄን ክር የምትወዱ ሁሉ አንቪልን እዩ። የካናዳ ሜታል ባንድ ነው፣ የእውነት። በ2008 ስለነሱ ዘጋቢ ፊልም ተሠራ። በ1980ዎቹ ከትልልቆቹ ጋር መድረክ ተጋርተው ነበር፤ ከዚያ ዓለም ረሳቸው። ዘፋኙ ምግብ ሲያመላልስ ታዩታላችሁ። አውሮፓ ሲዞሩ ባቡር ያመልጣቸዋል፣ ባዶ አዳራሽ ይጠብቃቸዋል፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። የከበሮ መቺው ስም ማን እንደሆነ ገምቱ። ሮብ ራይነር! በአንድ ቢ ልዩነት። ማል ብትሉኝ እምላለሁ። ስቶንሄንጅም ሄደው ያዩታል።

እኔ ሁለቱን ተከታትዬ ሳይ ለየትኛው እንደሳቅኩ፣ ለየትኛው እንደከፋኝ ይምታታብኛል። አስራአንደኛው ያልከው ልክ ነው። ሰዎቹ ይጃጃላሉ፤ ሥራቸውን ግን ከልባቸው ይወዱታል። ሃምሳ ሰው ፊትም ቢሆን ጭሱን ይለቁታል።


ዳዊት_አይደለሁም፦

ሁለተኛውስ? ከሁለቱ የቱን ልይ? እውነቱን ንገሩኝ፣ ፍቅራችሁን ተዉት።


ድምጽ_ሠሪው፦

የመጀመሪያውን። ሁለተኛው ለኛ ለሱሰኞቹ ነው።


ቀይ_ፔዳል፦

አልስማማም! ሁለተኛው በራሱ ይቆማል። ኢያን ሞቷል፤ ውሉን የወረሰችው ልጁ ሆፕ ናት። ውሉ አንድ ኮንሰርት ስለሚቀረው ለ15 ዓመት የተኳረፉትን ሰዎች ኒው ኦርሊንስ ላይ ትሰበስባቸዋለች። ናይጅል አይብና ጊታር የሚሸጥ ሱቅ ከፍቷል። አይብና ጊታር! ሰው ጊታር ይዞ ሲመጣ በአይብ ይለውጠዋል። ዴሪክ የሙጫ ሙዚየም አለው። ከበሮ መቺ ሲፈልጉ ስመ ጥሮቹ ሁሉ በየስልኩ አይሆንም ይላሉ፤ የሜታሊካው ላርስ ኡልሪክ ሳይቀር። ማን ሞቱን ይፈርማል? ፖል ማካርትኒና ኤልተን ጆንም አሉበት። ሦስቱም አርጅተዋል፣ ያንን አይደብቁትም። እኔ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።


ድምጽ_ሠሪው፦

ደስ ብሎህ መውጣትህ ጥሩ። ግን ሐቁን እናውራ። በመጀመሪያው ውስጥ ታዋቂ ሰው አይታይም፤ ሲታይም ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ቢሊ ክሪስታል የማይም (በምልክት ብቻ የሚተውን) አስተናጋጅ ሆኖ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በሁለተኛው ማካርትኒ ሲገባ ማካርትኒ ነው። ያኔ «ይሄ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» የሚለው ጨዋታ ይቋረጣል። እኔ የናፈቀኝ ያ ጨዋታ ነው።


የካሴት_ዘመን፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ አላስታርቃችሁም፣ ድምጽ ሠሪው ነው ልክ። ግን የአይቡን ሱቅ ወድጄዋለሁ። ጌስት ስለ አይብ ሲያወራ ያው ናይጅል ስለ ጊታሮቹ ሲያወራ ነው። ትዝ ይላችኋል ያቺ ጨርሶ ያልተጫወተባት ጊታር? አትንካት፣ አትጠቁማት፣ አትያት እንኳን ይለዋል ማርቲን።


አስራአንደኛው፦

ጥሩ። ንትርኩ ከመሞቁ በፊት አንድ ሐሳብ። የመጀመሪያውን አብረን እንየው። ሁላችሁም በየቤታችሁ የየራሳችሁን ክፈቱ፤ እዚህ ክር ላይ እየጻፍን እናያለን። ዳዊት አይደለሁምም ከመጀመሪያው እንዲያየው። ቅዳሜ 3 ሰዓት። ይመቻችኋል?


ቤዝ_ከሜሪላንድ፦

ይመቻል። 3 ሰዓት በኛ ነው በፈረንጅ?


ፎርት_ፖይንት፦

ደግሞ የጠዋቱ ነው የማታው? እኔ ሪያድ ነኝ።


አስራአንደኛው፦

የማታው፣ በሐበሻ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ሪያድ ሰዓቱ ያው ነው፣ አቆጣጠሩ ነው የሚለየው፤ ስልክህ ላይ 9 ይላል። ሜሪላንድ ከቀኑ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ።


ቤዝ_ከሜሪላንድ፦

ስለዚህ ለኔ 2 ሰዓት። በሐበሻ 8።


አስራአንደኛው፦

አዎ ጋሼ። የርስዎ 8 በሐበሻ፣ የኔ 3 በሐበሻ።


ፎርት_ፖይንት፦

እሺ፣ 9 ሰዓት ብዬ ያዝኩት።


ዳዊት_አይደለሁም፦

ቆይ፣ 9 ሰዓት ከሆነ ከሰዓት ሥራ ላይ ነኝ።


ቀይ_ፔዳል፦

ይሄንን ናፕኪን ላይ አትጻፉት ብቻ።


አስራአንደኛው፦

ዳዊት አይደለሁም፣ አንተ የት ነህ?


ዳዊት_አይደለሁም፦

አዲስ አበባ፣ መገናኛ።


አስራአንደኛው፦

3 ሰዓት። ማታ።